የሞተሩ የፊት ክዳን

መኪናችን ዘይት ማንጠባጠብ የጀመረው ከሞተሩ ፊት በኩል ነው። ጠዋት ግቢውን ስጠርግ ከሥሩ ጥቁር ነጠብጣብ አገኝ ነበር። አመድ ነስንሼ እጠርገዋለሁ፤ በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ ይጠብቀኛል። ቆይቶ ውሃም ተጨመረበት። አንድ እሑድ ባለቤቴ ተንበርክኮ በጣቱ ነካ አድርጎ አሸተተውና «የፊት ክዳኑ ተሰንጥቋል» አለ። ቀና ሲል ደግሞ «ዛሬ ሥራ አትገቢም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ልብሳችንን እንኳ አልቀየርንም ነበር። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ።

ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። ጡረታ ሲወጣ ይህችን አሮጌ ፒክአፕ ገዛና ከጎጆ ከተማ ድንችና ገብስ ወደ አምቦ ያመላልስ ጀመር። እኔ በሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው የሠራሁት። ስለ መኪና የማውቀው በሩ ጠበቅ ተደርጎ ካልተዘጋ እንደሚከፈት ብቻ ነው።

መርሳት የጀመረው ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ ዳቦ ገዝቶ ይመጣና ተመልሶ ሌላ ዳቦ ይገዛል። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሟቹ ለምን እንዳልመጣ ጠየቀ። ሰዎቹ ቀልድ መሰላቸውና አንገታቸውን ደፉ። በኋላ ከጊንጪ ባዶ መኪና ይዞ ተመለሰና ምን ላመጣ ነበር የሄድኩት አለኝ። ይህን ለልጃችን ነገርኩት። ልጃችን እንጭኒ ከተማ መምህር ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣ። አባቱን በረንዳ ላይ አስቀምጦ ፊት ለፊት አናገረው።

«አባዬ፣ ይሄን ሞተር ራስህ ከፍተህ፣ ራስህ ገጥመህ፣ በደንብ እንዲሠራ ካደረግከው ቁልፉ ያንተ ነው። ካልቻልክ ግን እኔ እወስደዋለሁ። ከእንግዲህ አትነዳም።»

«ፈተና ነው?»

«ፈተና ነው።»

«ማነው ፈታኝ ያደረገህ?»

«መንግሥት።»

«አዬ መንግሥት!» ብሎ ሳቀ። ሁለቱ ተጨባበጡ። እኔም በልቤ ነገሩ ደግ መሰለኝ፤ ግልጽ ነበር። ሞተር ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም ብዬ ነበር የማስበው።

ልጃችን ክዳኑን ከአዲስ አበባ አመጣ። አዲሱ ስላልተገኘ ከሌላ አሮጌ ሞተር ላይ የተፈታ ነው፤ ሻጩ ያው ነው፣ ምንም ልዩነት የለውም ብሎ ምሎለታል። ባለቤቴ ከመኪና ሥር መተኛት ስለማይችል በሰፈራችን ጋራዥ ያለው መካኒክ ሊረዳው መጣ። ጎልማሳ ሰው ነው፤ ሳቅ ይወዳል። ልጃችን አስጠነቀቀው፤ አባቴ የሚለውን ብቻ አድርግ አለው።

«ቶሌ፣ እሺ፣» አለ መካኒኩ፣ «እጄን ነው የማውሰው። ጭንቅላቴን ቤት ትቼ መጥቻለሁ።»

ሥራው በግቢያችን ውስጥ ተጀመረ። ባለቤቴ የካርቶን ቁራጭ አምጪ አለኝና በላዩ የክዳኑን ቅርጽ በከሰል ሣለ። የሚፈታውን ብሎን ሁሉ በሥዕሉ ላይ በየቦታው እየወጋ ሰካው። ብሎኖቹ ቁመታቸው የተለያየ ነው፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ክዳኑን ይሰነጥቃል አለኝ። ይህን ሲያደርግ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነበር፤ ጠዋት ሙሉ ሲፈልገው የነበረው መነጽር ነው።

ከዚያ ጠራኝ።

«ነይ እስቲ፣ ጣትሽን አውሺኝ።»

«ምኔን?»

«አውራ ጣትሽን። የኔ ደንዝዟል፣ አይሰማውም።»

ሞተሩ ውስጥ እሳት ከሚሰጡት አንዱን ካንዴላ ነቅሎ ነበር። አውራ ጣቴን ካንዴላው በወጣበት ቀዳዳ ላይ አስደፈነኝ። መካኒኩ ከታች በመፍቻ ሞተሩን ያዞራል።

«ሲገፋሽ ንገሪኝ።»

«ምኑ ነው የሚገፋኝ?»

«ትንፋሹ።»

እንደገና ነገር የተምታታበት መሰለኝና ልጄን አየሁት። መካኒኩ ከመኪናው ሥር ሆኖ «እውነታቸውን ነው እማማ፣ ይተነፍሳል!» አለ። መኪና ላይ ተደፍቼ ጠበቅኩ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልነበረም። ከዚያ ከቀዳዳው ውስጥ አየር መጥቶ ጣቴን ወደ ላይ ገፋው። ደንግጬ «ገፋኝ!» አልኩ።

«በቃ፣ ቀስ!» አለ ባለቤቴ ለመካኒኩ። «ትንሽ ጨምር። እዚያው ላይ ተወው።»

ከዚያ ሁሉንም አስረዳኝ። በክዳኑ ሥር ካቴና የሚባል ሰንሰለት አለ። ካቴናው የታችኛውን ባለ ጥርስ ጎማና የላይኛውን አያይዞ ያዞራል። የታችኛው ፒስተኖቹን ይመለከታል፣ የላይኛው የነዳጁንና የጭሱን በር። ሁለቱም ላይ ነጥብ ነጥብ አለ። የመጀመሪያው ፒስተን አየሩን አፍኖ ጫፍ ሲደርስ ነጥቦቹ በየቦታቸው መገኘት አለባቸው። አንድ ጥርስ ከዘለለ በሩ መዘጋት ሲገባው ይከፈታል፤ ሞተሩ ይንዘፈዘፋል ወይም ጭራሹን አይነሳም። ጣቴን የፈለገው ፒስተኑ አየር አፍኖ እየወጣ ወይስ ዝም ብሎ እየወጣ መሆኑን ለመለየት ነው። አንድ ቃል አልተሳሳተም። እንደ እሱ ያስረዳኝ አስተማሪ አላስታውስም። ጨርሶ እጁን ሲጠርግ «ልጁ ግን ቀረ እኮ፤ ዛሬ ይመጣል አላልሽም?» አለኝ። ልጃችን ከአጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የተማሪዎች ወረቀት ያርም ነበር። እስክሪብቶው ቆመ፤ ቀና ግን አላለም።

ካቴናው ተፈትቶ ተመልሶ ከገባ በኋላ ባለቤቴ ነጥቦቹን ደጋግሞ አየ። ሞተሩን በእጅ እያስዞረ እንደገና ያያል።

«ጋሼ፣ አልሸሸም እኮ!» አለ መካኒኩ።

«ዞር ስትል ነው የሚሸሸው።»

ክዳኑ ዘይት እንዳያሳልፍ በአዲስ ጓርኒሲዮን ታሽጎ ተገጠመ። ብሎኖቹ ከካርቶኑ ላይ እየተነሱ በየቦታቸው ገቡ። ውሃና ዘይት ተሞላ። ቁልፉን ባለቤቴ ራሱ አዞረው፤ ሞተሩም ተነሳ። መሬቱ ላይ አንድ ጠብታ አልወረደም።

የቀረው እሳቱ የሚመጣበትን ጊዜ ማስተካከል ነው አሉ። መካኒኩ ሽጉጥ የሚመስል መብራት አመጣ። ካንዴላው እሳት በሰጠ ቁጥር ብልጭ ይላል፤ በዚያ ብርሃን ሲታይ የሚሽከረከረው ነገር የቆመ ይመስላል። በሚሽከረከረው ላይ ጭረት አለ፣ በክዳኑ ላይ ደግሞ መስመር። ጭረቱ መስመሩ ላይ ከዋለ ጊዜው ልክ ነው። መካኒኩ እሳት የሚያከፋፍለውን ዕቃ ትንሽ አዞረና ልክ መስመሩ ላይ አዋለው። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነትም እዚያው ላይ ነበር።

ባለቤቴ ራሱን ነቀነቀ። «ዘግይቷል» አለ።

«ጋሼ፣ ይዩት እንጂ። መስመሩ ላይ ነው።»

«አየሁት። ዘግይቷል።»

«ታዲያ መብራቱ ይዋሻል?»

«መብራቱ አይዋሽም። ክዳኑ ነው የሚዋሸው።»

ልጃችን ወረቀቱን አስቀምጦ ተነሳ። «ክዳን ይዋሻል እንዴ አባዬ?» አለው። ድምፁን ለስለስ አድርጎ ነበር፣ በሽተኛ እንደሚያናግር። ከዚያ ወደ እኔ አየ። አየሽ አይደል ማለቱ ነው።

እኔ ግን ያየሁትን አላወቅኩትም። ሞተሩ ተነስቷል፤ እንግዲያው ፈተናውን አልፏል። እሱ ራሱ ግን ልክ አይደለም ይላል። እሱ ትክክል ከሆነ ሞተሩ ገና አልተስተካከለም፤ ወድቋል። መካኒኩ ትክክል ከሆነ ደግሞ ባለቤቴ ዓይኑ ሥር ያለውን መስመር መቀበል አቅቶታል፤ እንደገና ወድቋል። በየትኛውም መንገድ ብሄድ የሚወድቅ መሰለኝ። ሻጩን እንዳንጠይቅ በዚያ ሰሞን በእኛ አካባቢ ስልክ አይሠራም ነበር።

«ወንጪ ዳገት ይፍረደን!» አለ መካኒኩ። እኛ ከተማ የተሠራ ሞተር የወንጪን ዳገት ሳይወጣ ተሠራ አይባልም። ልጃችን «ሂዱ፣ ከወጣ ወጣ ነው» ብሎ ቤት ቀረ።

መካኒኩ ነዳ፤ ባለቤቴ መሐል፣ እኔ በበሩ በኩል ተቀመጥን። ሜዳው ላይ ደህና ነበር። ዳገቱን ስንጀምር ግን ሞተሩን ጉልበቱ ከዳው። መካኒኩ ማርሽ ቀነሰ፣ እንደገና ቀነሰ። የሙቀቱ መርፌ ወደ ላይ ወጣ። ገብስ የጫኑ አህዮች ከኋላችን መጥተው አለፉን። የሚነዳቸው ሰውዬ በመስኮቱ ወደ እኛ ጎንበስ አለ።

«ማል ተኤ? ምን ሆናችሁ?» አለ። «አህያ ላውሳችሁ?»

መካኒኩ አልሳቀም። ዳር ይዞ አቆመ። ባለቤቴ ሞተሩ እየሠራ ወረደ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ የዚያን እሳት የሚያከፋፍል ዕቃ ብሎን ላላ አደረገው። በእጁ ይዞ ቀስ እያለ አዞረው። ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ ነበር። ድምፁ ሲቀየር እኔም ሰማሁት፤ የታፈነው ጠራ። ብሎኑን አጠበቀ። ትንሽ እንደሄድን ሞተሩ ቶክ ቶክ ሲል አስቆመን፤ «አሁን ደግሞ ቸኮለ» ብሎ ጥቂት መለሰው። ከዚያ በኋላ መኪናው ዳገቱን ሳያጉረመርም ወጣ። አህዮቹ ጋ ስንደርስ መካኒኩ ክላክስ አደረገ።

«ገደሉኝ እኮ ጋሼ!» እያለ መሪውን መታ።

ስንመለስ ጋራዡ ጎራ አልን። መካኒኩ መብራቱን ሊያመጣ ሲሄድ የወሰደው የተሰነጠቀ ክዳን እዚያ ተጥሎ ነበርና አንስቶ አሁን ከተገጠመው ጋር አስተያየው። ብሎኖቹ የሚገቡባቸው ቦታዎች አንድ ናቸው። መስመሩ ግን አንድ አውራ ጣት ያህል ወደ ጎን ሄዷል። ልጃችን ያመጣው የሌላ ዓይነት ሞተር ክዳን ነበር። ሁለቱም አልዋሹኝም ማለት ነው፤ መካኒኩም መስመሩን በትክክል አይቷል፣ ባለቤቴም በትክክል ሰምቷል።

መካኒኩ እዚያው ቀረ። ባለቤቴ መሪውን ያዘ። ቤታችን ቅርብ ነው። ደስ ብሎኝ ነበር።

ወደ ሰፈራችን የሚያስገባውን መታጠፊያ አለፈው። ቤንዚን ሊቀዳ ነው አልኩ። ማደያውንም አለፈ። ከከተማው ወጣንና የጉደርን መንገድ ያዝን። አነዳዱ ላይ እንከን አልነበረም፤ ለከብቶች ይቆማል፣ ባጃጅ ያሳልፋል፣ ማርሹን ድምፅ ሳይሰማ ይቀይራል።

«ወዴት እየሄድን ነው?» አልኩት።

«ኃላፊው ጉደር ይጠብቀኛል። ሲያረፍዱበት ይቆጣል።»

በመሥሪያ ቤት ሳለ የሚነዳላቸው ኃላፊ ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ቀብራቸው ላይ አብረን ቆመናል።

«ስብሰባው ተሰርዟል» አልኩ።

«ማን ነገረሽ?»

«ከቢሮ ደውለው።»

ዞር ብሎ አየኝ። «ስልክ የለም እኮ» አለኝ።

ስልኩ መቋረጡን ያስታውሳል። ሰውየው መሞታቸውን አያስታውስም። አንዱ ከአንዱ በምን እንደተለየ ዛሬም አልገባኝም። «ሰው ልከው ነው» አልኩ። «እንዲያ በይ» አለና ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጎ መኪናውን አዞረ።

ልጃችን የግቢውን በር ከፍቶ ይጠብቀን ነበር። መካኒኩ ከጋራዡ ወጥቶ በዚያ በኩል ሲያልፍ የዳገቱንም የክዳኑንም ነገር ነግሮታል። ባለቤቴ ሲወርድ ልጁ እጁን በሁለት እጁ ያዘው።

«አባዬ፣ አለፍክ። ይቅርታ አድርግልኝ። ቁልፉ ያንተ ነው።»

ልጄን ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም። ጉደር መንገድ ላይ የሆነውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ብል የሚያውቅ የለም።

«ቁልፉን ለእኔ ስጠኝ» አልኩት ባለቤቴን።

«አንቺ መንዳት አትችይም እኮ።»

«አልችልም።»

«እማዬ፣ ቃል ገብቼለታለሁ» አለ ልጄ።

«እኔ አልገባሁም።»

ባለቤቴ ቁልፉን እንደያዘ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ልጁ እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የት ሄደን ነበር?» አለኝ።

«ጉደር።»

ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ልጃችን ሰምቶ ነበር። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ፤ ወደ ውስጥ ገባ።

አሁን የገበያ ቀን መካኒኩ መጥቶ ይነዳል፤ ባለቤቴ ከጎኑ ይቀመጣል። ሞተሩ ላይ ችግር ሲኖር ከማንም ቀድሞ እሱ ነው የሚሰማው። ጎረቤቶች ይወቅሱኛል። ዳገት ላይ የቀረችውን መኪና ያዳናት እሱ አይደለም ወይ፣ እንዴት ቁልፍ ትነፍጊዋለሽ ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ያዳናት እሱ ነው። ቁልፉን ግን መቀነቴ ላይ ቋጥሬ ይዣለሁ፤ የጉደርን መንገድ አልነግራቸውም።