የውሰት ዶሮዎች

ስም ነበራት፤ ግን የሚጠራት አልነበረም። «ሞዴሏ» ነበር የምትባለው። ገበሬ የሚያሠለጥነው መሥሪያ ቤት «ሞዴል ገበሬ» ብሎ የመረጣት ጊዜ አናጢው ባሏ ሊያበሽቃት ያወጣላት ስም ነው። እሷ ግን ከመብሸቅ ይልቅ ወደደችው። «ሞዴሏ የት ናት?» ሲባል ከጓሮ «አቤት!» የምትለው እናቷ ያወጣችላት ያህል ነበር።

የሥልጠናው ነገር ለመናገር ቀላል ነው። ገበሬ ተስፋውን ሁሉ አንድ ማሳ ላይ እንዳይጥል፣ ዝናብ ቢቀር እንቁላሉ፣ እንቁላል ቢረክስ የጓሮ አትክልቱ እንዲደግፈው፣ ዶሮውንም በሽታ ሳይመጣ እንዲያስከትብ። አሠልጣኙ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል የሚውል ትሑት ወጣት ነው፤ ይህን ሁሉ «የሥጋት አያያዝ» ይለዋል። ሞዴሏ ደግሞ «ሳይቃጠል በቅጠል» ትለዋለች። ገበሬው ጆሮ የሚገባው የእሷ ነበር። ስለዚህ አሠልጣኙ ከሌላ መንደር ሰው ባመጣ ቁጥር ወደ እሷ ግቢ ነው የሚወስዳቸው። ካሮቱ፣ የንብ ቀፎው፣ አናጢው ከተራረፈ ጣውላ የሠራው የዶሮ ቤት በየተራ ይጎበኛል፤ እሷም የታጠበ ቀሚሷን ለብሳ ታስረዳለች፤ ይጨበጨብላታል።

ጭብጨባ ደግሞ ክፉ ነገር ነው፤ ሱስ ያስይዛል።

የዶሮ ክትባት ጠርሙሱ አንዴ ከተከፈተ የዚያኑ ቀን ማለቅ አለበት። ስለዚህ ከታቢው ቤት ለቤት አይዞርም። ሞዴሏ ጎረቤቱን ጠርታ ዶሮውን ሁሉ ግቢዋ ታሰባስባለች፣ እሱም እዚያው ይከትባል። አንድ ጊዜ ግን ከታቢው ሲመጣ ሞዴሏ ቤት አልነበረችም። ሌላ መንደር ሄዳ ስለ ክትባት ጥቅም እያስረዳች ነበር። አዎ፣ ስለ ክትባት። ከታቢው በሩን አንኳኩቶ አንኳኩቶ ሲሰለቸው ሳጥኑን አንጠልጥሎ ተመለሰ። እሷም ይህን ስትሰማ «ምን ችግር አለው፣ ሌላ ቀን ይመጣል» አለች። አሠልጣኙ ደውሎ ሲጠይቃት ግን «ተከትቧል» ብላው አረፈችው። ሞዴል እንዴት ረሳሁ ይላል?

ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ አውራው አንገቱ ተጠመዘዘ፤ ቀጥሎ እንቁላል ጣዮቹ ክንፋቸውን ጥለው ፈዘዙ፤ ሳምንት ሳይሞላ ቆጡ ባዶውን ቀረ። ባልና ሚስት ጓሮ ቆፍረው ቀበሯቸው።

«ለሰው መንገር አለብን» አላት አናጢው አካፋውን እየጠረገ።

«እነግራለሁ። ትንሽ ቆይ።»

በማግሥቱ የአጥር ጎረቤቷ አንገቷን አስግጋ «ልጄ፣ ዶሮዎችሽ ድምፃቸው ጠፋሳ?» ስትላት፣ ከሞዴሏ አፍ የወጣው ሌላ ነው። «ሸጥኳቸው እኮ እትዬ! ነጋዴ መጥቶ ጠቅልሎ ወሰዳቸው።» ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ይህች ጎረቤቷ «ሳቂታዋ» ትባላለች። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ርቀው የሄዱባት ሴት ናት፤ የምትኖረው እንቁላል ሸጣ ነው። ሳቋ ግን ከሦስት ቤት ማዶ ይሰማል። ዶሮዎቿ የሚያድሩት ከአልጋዋ አጠገብ ነው፤ እያንዳንዷን በጠባይዋ ታውቃታለች፤ አንዷን ቀበጥ፣ አንዷን ሐሜተኛ ትላታለች። «ጥሩ አደረግሽ፤ አንቺ እኮ ብልህ ነሽ» ብላት ስትመለስ ሞዴሏን አንድ ነገር ውስጧን ቆነጠጣት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሷ የደበቀችው ደግሞ የራሷን ብቻ አልነበረም፤ ጎረቤቷን ሁሉ ነበር ሳያውቅ እሳት አጠገብ ያስተኛችው።

ብዙም ሳይቆይ አሠልጣኙ ደወለ። እንግዶች ይዞ ሊመጣ ነው፤ ማየት የሚፈልጉት የዶሮ እርባታውን ነው። «ደስ ይለኛል» አለችው። ከዚያ ባዶው ዶሮ ቤት ፊት ለፊት ሄዳ ቆመች። እዚያች ላይ አንዲት ቃል ብትናገር ኖሮ! ግን እንግዶቹ ባዶ ቆጥ ሲያዩ ታሰባት፤ አሠልጣኙ መነጽሩን ሲወለውል ታሰባት።

ሰው መጥረቢያ ይዋሳል፣ ድስት ይዋሳል፣ የባሰበትም ጫማ ይዋሳል። ሞዴሏ ዶሮ ተዋሰች። «የሸጥኳቸው ተተኪ ገና አልደረሰልኝም፤ እንግዳ ፊት ግቢው ባዶ ሆኖ እንዳያሳፍረን» እያለች ቤት ለቤት ዞረች። «እንዳያሳፍረን» ነው ያለችው፤ የራሷን ሐፍረት ለሰፈሩ አካፈለችው ማለት ነው። ሰዉም በደስታ ሰጣት። ሳቂታዋማ የምትሳሳላትን ገብስማዋን ሳይቀር ታቅፋ አመጣችና «እንግዳ ፊት እንዳታሳጣኝ ላባዋን አበጥሬላታለሁ» ብላ እስኪያስነጥሳት ሳቀች።

አናጢው ብቻ «እዚያው ቤት ውስጥ ልታስገቢያቸው ነው?» አላት።

«ጠርጌዋለሁ፤ አመድ ነስንሼበታለሁ፤ ገለባውም አዲስ ነው።»

«መጀመሪያ አሠልጣኙን ብትጠይቂው...»

«አንተ ደግሞ! ለአንድ ቀን እኮ ነው።»

እሱም መዶሻውን አንሥቶ ወደ ሥራው ሄደ።

እንግዶቹ በጠዋት ይደርሳሉ ተብሎ ነበር። መኪናቸው ጎማው ፈነዳና የደረሱት ጥላ ሲዞር ነው። ሞዴሏ ግን እንደዚያ ቀን አምሮላት ተናግራ አታውቅም። ስለ መኖ፣ ስለ ገበያ፣ ለክፉ ቀን ስለ ማስቀመጥ ስታስረዳ ገበሬዎቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሟት፤ ሳቁላት፤ ደግመው ጠየቋት። ጎረቤቶቿ አጥሩን ተደግፈው በኩራት ያዩዋታል። የዶሮ ቤቱ ተከፍቶ ዶሮዎቹ ግቢው ውስጥ ጥሬ ይለቅማሉ። ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ የሚባለውን ማን አስታወሰ?

ከእንግዶቹ መካከል አንዲት ቀጭን ሴት እጇን አወጣች። «እኔ ዓምና ዶሮዎቼ አልቀውብኝ ነበር። በሽታ ቢገባ መጀመሪያ ምን ላድርግ?»

«መጀመሪያ አለመደበቅ» አለች ሞዴሏ። አፏ የለመደውን ነው የተናገረው። «ለጎረቤት መንገር። የታመመ የዋለበት ቤት ሌላ ዶሮ አለማስገባት።»

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። «እኔ አፍሬ ደበቅሁ። የጎረቤቶቼም አለቁ።»

ሞዴሏ ዓይኗን ከሴትየዋ ላይ አነሣች። ፊቷ ፍም መሰለ። እንግዶቹ ለሴትየዋ አዝና መሰላቸውና ይበልጥ ወደዷት። አሠልጣኙም «እንዲህ ነው ሞዴላችን የሚያስተምሩን» ብሎ አስጨበጨበላት። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ጭብጨባ አስጠልቷት አያውቅም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእሷ እውነት ግን ንጋትን አልጠበቀም፤ ሲመሽ ነው የጠራው። ዶሮ ሲመሽ የት እንደምታድር ታውቃለች፤ ይሉኝታ የላትም። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል መጀመሪያ ገብስማዋ አንገቷን ቀና አደረገች፤ በአሠልጣኙ እግር መካከል አልፋ በበሩ ወጣች። ሁለት ቀያይ ተከተሏትና ወደ ቀኝ ታጠፉ። አንዲት ነጭ አጥሩ ላይ ዘላ ወደ ማዶ ወረደች። ሌሎቹም ሥራ የጨረሱ ይመስል በየፊናቸው ነጎዱ።

«ዶሮዎቹ የት እየሄዱ ነው?» አለ አንድ እንግዳ።

አጥር የተደገፈ አንዱ ጎረቤት መቻል አቃተው። «ወደየቤታቸው ነዋ!»

ሳቁ ፈነዳ። ሳቂታዋ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። አሠልጣኙ ነገሩ ሲገባው ቀላ፤ መነጽሩን አውልቆ ወለወለ፤ መልሶ አደረገው። ከዚያ እሱም ሳቀ። «የእኛ ሥልጠና የለወጠው ዶሮዎቹን ነው ማለት ነው፤ ሰዓት ያከብራሉ!» ሰዉ እንደገና ሳቀ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ የሰፈር ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የሚያሰኝ ሐፍረት ነው፤ ግን ሰንብቶ ያልፋል። ሞዴሏም አብራ ልትስቅ አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ገብስማዋን አየቻት። ወደ ሳቂታዋ ቤት እየሄደች ነው። በሩ ክፍት ነው፤ ውስጥ ሌሎቹ ቆጥ ላይ ወጥተዋል፤ አንዷ ጫጩቶች ታቅፋለች። ወደ ባሏ ዞረች። አናጢው አልሳቀም፤ አንገቱን ደፍቶ እግሩን ያያል።

«ያዟት!» አለች። «ገብስማዋን ያዟት፤ እንዳትገባ!»

ሰዉ ቀልዱ የቀጠለ መሰለው። ሳቂታዋ እንባዋን እየጠረገች «ተያት ልጄ፤ ደክሟት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሞዴል ሆና ውላ!» አለቻት።

«አልሸጥኳቸውም!» ብላ ጮኸች ሞዴሏ። «ዶሮዎቼን አልሸጥኳቸውም! ሞተው ነው። ፈንግል ነው። እነሱ ያለቁበት ቤት ነው እነዚህንም ያዋልኳቸው። ዶሮም አላስከተብኩም፤ የማንንም።»

ሳቁ ቀስ እያለ ነው የቆመው። መጀመሪያ የእንግዶቹ፣ ቀጥሎ የጎረቤቶቿ፣ በመጨረሻ የሳቂታዋ። ከዚያ ሁሉም ሮጠ። አሠልጣኙ መነጽሩ ወድቆበት እየሮጠ ዶሮ ሲያባርር፣ እንግዶቹ በየአጥሩ ሥር ሲንበረከኩ፣ ሞዴሏ የታጠበ ቀሚሷን ጭቃ ላይ እየጎተተች አንዷን ቀይ ያዘች። አብዛኞቹ በየበራቸው ሳይገቡ ተይዘው ለብቻ ተዘጋባቸው። ገብስማዋ ግን ቆጧ ላይ ወጥታ፣ ከእኅቶቿ መሐል ተሸጉጣ፣ ዓይኗን ጨፍናለች።

በማግሥቱ ከታቢው መጣ፤ የብዙ ሰው ዶሮ ተረፈ። የሳቂታዋ አልተረፈም። ጫጩት እንኳ አልቀረላትም። ሰፈሩ ሞዴሏን ያላላት ነገር የለም፤ ሁሉንም አንገቷን ደፍታ ሰማች፤ ስድቡ እንዲያውም ቀለል ያደርጋት ነበር። ሳቂታዋ ግን አንዲት ቃል አልተናገረችም። ውኃ ስትቀዳ፣ ደጅ ስትጠርግ ድምፅዋ አይሰማም። ከአጥሩ ማዶ ያ ሳቅ ሲጠፋ ሞዴሏ ቤቷ ውስጥ መቀመጥ አቃታት። አሠልጣኙ ሞዴልነቱን በጨዋ ደንብ ለሌላ ሰው አስተላለፈ። ስሙን ግን ከላይዋ የሚያነሣላት አልተገኘም፤ «ሞዴሏ» ሲሏት «አቤት» ትላለች፤ ጆሮዋ ግን ይቃጠላል።

ዶሮ ቤቷን አፍርሳ አቃጠለች፤ አናጢው ሌላ ሠራላት። ወራት ቆይታ ጫጩት ገዛች፤ አስከተበች፤ አሳደገች። ቄብ ዶሮዎቹ እንቁላል ሊጥሉ ሲደርሱ መልካም መልካሞቹን መርጣ ለሳቂታዋ ወሰደችላት። ደጃፏ ላይ አኖረቻቸው። «ያንቺ ናቸው እትዬ» ብላ ለመሄድ ዘወር አለች። ሳቂታዋ «እሺ» አለች። ይኸው ነው።

ሲመሽ ቄቦቹ ተሰልፈው ወደ ሞዴሏ ቤት ተመለሱ።

አቅፋ መለሰቻቸው። በማግሥቱም ተመለሱ። በየምሽቱ ሞዴሏ ዶሮ ታቅፋ በሰው ሁሉ ፊት ማለፍ ሆነ ሥራዋ። «ደግሞ ልትዋሺ ነው ልትመልሺ?» ይሏታል። ሳቂታዋ በሩን ትከፍታለች፤ ትቀበላታለች፤ ትዘጋዋለች። አዲስ ዶሮ እስኪለምድ ጥቂት ቀን ተዘግቶበት እንደሚሰነብት ሞዴሏ ታውቃለች፤ ስንቱን ያስተማረችው እሷ አይደለችም? ግን በምን አፏ ለሳቂታዋ ትንገራት!

አንድ ምሽት ቄቦቹ አልመጡም። ጠበቀች። ቆጡን አየች፤ ጓሮውን ዞረች። ጨነቃትና ወደ ሳቂታዋ በር ሄደች። ሳቂታዋ በሩን ከፈተች። ቄቦቹ ከኋላዋ ቆጥ ላይ ተደርድረዋል።

«ምነው?» አለቻት ሳቂታዋ።

«አልመጡም... ምን ሆነው ይሆን ብዬ ነው።»

«ጠዋት ስላልከፈትኩላቸው ነዋ። ከመጀመሪያው ቀን ዘግቼባቸው ቢሆን ይለምዱ ነበር፤ ዶሮ ማላመድ የማላውቅ መሰለሽ?» ሳቂታዋ በሩን ተደገፈች። «እኔ የተውኩት ላንቺ ነበር። በየምሽቱ ትመጫለሽ፤ ዛሬስ ትናገር ይሆናል እላለሁ። ዶሮውን ታስረክቢኝና ትሄጃለሽ። ሰለቸኝ፤ ዘጋሁት።»

ሞዴሏ እጇ የሚይዘው አጣ። ያን ሁሉ ምሽት በዶሮ ተሸፍና ነበር የመጣችው፤ አሁን የምታቅፈው የለም። ስለ በሽታው ለሰፈሩ ሁሉ ጮኻ ተናግራለች፤ ለዚህች ሴት ግን ለብቻዋ ያለቻት ነገር የለም። 

«አጠፋሁ፣ እትዬ» አለች። «ገብስማሽን... ዶሮዎችሽን እኔ ነኝ የጨረስኳቸው። ይቅር በዪኝ።»

ሳቂታዋ ቀና ብላ አየቻት። አልሳቀችም። ከዚያ ከበሩ ዘወር አለችላት።

«ግቢና ዝጊው» አለች። «ዶሮዎቹን ብርድ ያገኛቸዋል።»