የሁለቱ ክቦች ደብተር

ቀይ ሽብር በተፋፋመበት ጊዜ ያሰሩኝ ኮልፌ፣ ከአንድ ሀብታም በተወረሰ ቪላ ጋራዥ ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነበር። ሲሚንቶው መሃል ላይ የመኪና ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ዘጠኝ ሰዎች እድፉን ሸሽተው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። እግሬ መርገጥ ስላልቻለ እየዳሁ ገባሁና እድፉ ላይ ቀረሁ።

የሦስተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ነበርኩ። ቤቴ ሲፈተሽ የተገኘው የመምህሬ ደብተር ነው። የእጅ ጽሑፌን ስለሚወዱት በንጹህ እንድገለብጥላቸው የሰጡኝ ነበር። መርማሪው ቢያገላብጠው ፊደሉ አማርኛም እንግሊዝኛም አልሆንለት አለ። አንድ ገጽ ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተሳሉ ሁለት ክቦች አገኘ።

«ትልቁ ኮልፌ ነው፣ ትንሹ አስኮ። የሕዋሶቻችሁ ካርታ ነው፣ አይደል?» አለኝ።

«ሒሳብ ነው» አልኩት። ገረፉኝ። አሁንም ሒሳብ ነው አልኩ። በሦስተኛው ግርፋት «አዎ፣ ካርታ ነው» አልኩ፤ የማን እንደሆነም ተናገርኩ። ውስጥ እግሩን የሚገረፍ ሰው የማይለው የለም ይላሉ። እውነት ነው፣ ግን አያጽናናም።

በማግስቱ ጠዋት መምህሬን አምጥተው እዚያው ጋራዥ ጨመሯቸው። መነጽራቸው አንድ ዓይኑ ረግፏል።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ካርታ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

እግሬን አይተው ኮታቸውን አወለቁና ጠቅልለው ከሥሩ አደረጉልኝ። «ከፍ አድርገህ አስቀምጠው፤ ያብጥብሃል» አሉኝ።

ኮልፌ ገበያ ጆንያ ይነግዱ የነበሩ አንድ አዛውንት ሰምተውን ኖሮ፣ «ለመሆኑ ደብተሩ ምን ይላል? ነገ እኛም በሱ መጠየቃችን አይቀርም፤ እንወቀው እንጂ» አሉ። ሰዎቹ ሳቁ። መምህሬም ፈገግ ብለው የሸክላ ስባሪ አነሱና ሲሚንቶው ላይ ይጽፉ ጀመር።

«ሁለት ጫፉ ዜሮ ላይ የታሰረ፣ አጎባበጡን አንድ የሒሳብ ሕግ የሚወስንለት መስመር ያስቡ። ጠቅላላው ዜሮ ላይ ቢተኛ ሕጉን ያሟላል፤ ይሄንን ማንም ያውቀዋል። እኔ የምጠይቀው፣ ጫፎቹ እንደታሰሩ መሃሉ ከዜሮ በላይ የሚነሳበት መልስ አለ ወይ ነው።»

«አለ?» አሉ አዛውንቱ።

«አለ። ክቦቹ የመስመሩ ከፍታ መለኪያ ናቸው፤ ትልቁ ክብ ላይ የደረሰውን መስመር ሕጉ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ትንሹ ክብ ላይ ያለውን ደግሞ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ባለበት የሚረጋ አንድ ይኖራል። ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም።»

«ሳያዩት እንዴት ይምላሉ?»

«አልምልም አባቴ፣ አረጋግጣለሁ።»

የትልቁን ክብ ማረጋገጫ ጨርሰው የትንሹ ላይ እንደደረሱ በሩ ተከፈተ። ዘቡ ስማቸውን ጠራ። «ዕቃህን ይዘህ ውጣ!»

እንዲህ ተብሎ የወጣ ሰው ተመልሶ እንደማይመጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እሳቸውም ያውቃሉ። ሸክላዋን ግን ከእጃቸው አልጣሉም።

«አንድ መስመር ቀረኝ» አሉት።

ዘቡ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረና ቆመ። ለምን እንደጠበቃቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። መስመሩን ጻፉ፣ ከላይ ጀምረው አንድ ጊዜ በዓይናቸው ፈተሹት፣ ወደኔ ዞረው «ገባህ?» አሉኝ። ገብቶኝ ነበር። ራሴን ነቀነቅኩ። ኮታቸውን ልሰጣቸው ብድግ ስል «ተወው፣ እግርህን እንዳታወርድ» አሉና በሸሚዝ ብቻ ወጡ።

በሦስተኛው ቀን መርማሪውን አስጠርቼ ዋሽቻለሁ፣ ካርታ አይደለም አልኩት። «አሁን ምን ያደርጋል?» ብሎ መለሰኝ።

ስፈታ ኮቱን ይዤ አስኮ፣ እናታቸው ዘንድ ሄድኩ። እሳቸውም ኮቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲዳብሱ ቆዩና፣ «አንተ አጠገቡ መሆንህ ደግ ነው ልጄ፤ ብቻውን አልነበረም» አሉኝ። በየዓመት በዓሉ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ዛሬስ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ገብቼ፣ ተመርቄ እወጣለሁ።

ያንን ማረጋገጫ ስንት ዓመት አስተማርኩት። ሰሌዳ ላይ ስጽፈው እጄ አይሳሳትም። እናታቸው ግን አርፈዋል። ልጅዎን ያስያዝኩት እኔ ነኝ ብዬ ዛሬ ስጽፍ፣ ሊረግመኝም ሆነ ይቅር ሊለኝ የሚችል ሰው የለም።