የቦሩ ሳጥን አሁንም በርቷል

ቦሩ ሞተ የሚለውን ዛሬ ጠዋት እዚሁ ስልኬ ላይ አየሁ። ፎቶው አለ፣ ሻማ አለ፣ «ነፍስ ይማር» ተብሏል። ሌላ ቦሩ ይሆናል ብዬ ፎቶውን አጎላሁት። ራሱ ነው፣ ከነተሰነጠቀ መነጽሩ።

መርዶ እኮ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌዎች በጠዋት ተሰብስበው ይመጣሉ፣ አረጋግተው ነው የሚያረዱት ሰው። እኔ ግን የአንዲት እናት ክንድ ላይ የግፊት መለኪያ አስሬ ቆሜ ተረዳሁ። መጮህ አቃተኝ። «ግፊቴ ስንት ነው?» ስትለኝ ጠፍቶብኝ እንደገና ለካኋት።

የሥራ ባልደረባው ጋ ደወልኩ። «ደከመኝ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ በዚያው ቀረ» አለኝ። ደከመኝ ማለት ምንድን ነው? ነርስ ነኝ፣ ብዙ ሞት አይቻለሁ፣ ይሄ ግን አልገባኝም። ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎኝ ነበር እኮ!

ለማታውቁት፣ ቦሩ ነገሌ አብሮኝ የተማረ፣ ኋላ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የሚያስተምር ሰው ነው። ነበር ማለት አለብኝ መሰለኝ፣ እጄ እምቢ አለ።

ዕድሜውን የፈጀው በአንድ ጥቁር ዱቄት ነው። የነዳጅ ሴል የሚባል ነገር አለ፣ ሃይድሮጂን ሲሰጡት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ኦክስጅኑን በደንብ የሚያሠራው ግን ፕላቲኒየም ነው። «እሱ ለሰርግ ቀለበት እንኳ አልደረሰን» ይል ነበር ቦሩ። ስለዚህ ከርካሹ ከማንጋኒዝ ኦክሳይድ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ዱቄት ለማውጣት ሲታገል ኖረ።

አልገባኝም ስለው በወሬ ዱብሉቅ ወዳለው ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ይዞኝ ወረደ።

«ወንዶቹ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ባልዲ ሲቀባበሉ አይተሽ የለ? ኦክስጅን ሰነፍ ነው፣ ኤሌክትሮን ውሰድ ሲሉት ያንገራግራል። መሃል ቆሞ የሚያቀብለው ይፈልጋል። የኔ ዱቄት ያ ሰውዬ ነው። ውሃውን አይጠጣም፣ ያቀብላል።»

«አይደክመውም?» አልኩት።

«ሲስተርዬ፣ ጥያቄውን አገኘሽው! ስንት ጊዜ ሳይደክም ይቆማል? እሱን ነው የማላውቀው።»

ላቦራቶሪ ውስጥ ይቆማል። በቆላ ሙቀትና አቧራስ? ይሄን ለማየት ነው አሬሮ አካባቢ ያለችው ክሊኒካችን ድረስ ዱቄቱ ያለበትን ሳጥን ተሸክሞ የመጣው። በሃይድሮጂን ፋንታ የዚንክ ሰሌዳ አስገባበት፣ የአየሩ በኩል ግን ያው የሱ ዱቄት ነው። ማዋለጃ ክፍላችን ውስጥ አንዲት መብራት አበራልን። ሲሄድ «እኔ እስክመጣ እንዳታጠፊው፣ ድካሙን ራሴ መለካት አለብኝ» አለኝ።

አንድ ቀን መብራቱ ጠፋ። ደወልኩለት፣ ያቤሎ ነበርና መጣ። ለካ ጥበቃችን አባ ዲዳ አቧራ ሲነሳ አዝነውለት ሳጥኑን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ከላይ ጋቢያቸውን ደርበውለታል!

ቦሩ መብራቱ ጠፍቶ እያየ እንኳ ሰላምታውን አላሳጠረም። «አካም አባ ዲዳ? ናጋ? ከብቱ ናጋ? ልጆቹ ናጋ? ዝናቡስ?» ሁሉን ጠይቆ ሲጨርስ ሸፈናውን ገለጠ።

«አባ፣ ይሄ ነገር እንደ አንቱ ነው የሚተነፍሰው። አየሩን አይከልክሉት።»

«አየር እንደሚበላ መች ነገራችሁኝ? እኔ አቧራ እንዳይበላ ብዬ!» አሉ አባ ዲዳ።

ቦሩ ሆዱን ይዞ ሲስቅ መብራቱ ቀስ እያለ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ አባ ዲዳ ጠዋት ሲገቡ ከኛ በፊት ሳጥኑን «አካም ቡልቴ?» ይሉታል። እንዴት አደርክ መሆኑ ነው። ይሄን ለቦሩ ስነግረው «መልስ ከሰጣቸው ጥሪኝ» አለ።

ዛሬ ለአባ ዲዳ ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን አውልቀው ወደ ሳጥኑ ሄዱ። እንደ አስከሬን ሊያለብሱት ይሁን፣ ምን አስበው እንደሆነ አላውቅም። አጠገቡ ሲደርሱ ቆሙ። «አይከልክሉት ብሎኛል» አሉና ጋቢውን መልሰው ትከሻቸው ላይ ጣሉት። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።

ቦሩዬ፣ አሁን እኔ ምን ላድርግ? ዚንኩ ሲያልቅ እንዴት እንደሚቀየር ቅዳሜ አሳይሻለሁ ብለኸኝ ነበር። ድካሙን ማን ይለካዋል? የሰው ልጅ የደም ግፊት እንጂ የዱቄት ድካም መለካት አላስተማሩኝም።

ያቺ የጠዋቷ እናት ምጥ ይዟታል። ከሳጥንህ አጠገብ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። መብራቱ ትንሽ የደበዘዘ ይመስለኛል፣ ወይም ዓይኔ ነው። አንተ ብትኖር አንዴ አይተህ ትነግረኝ ነበር።

ናጋን ዴሚ፣ ወንድሜ። በሰላም ሂድ። አላጠፋሁትም።