ለሁለት ቁስል የተሰፉ ፒጃማዎች

እህቴን ሰፈሩ «ሜትሯ» ይላታል። መለኪያው ሜትር ከአንገቷ አይወርድም፤ ሰው ሰላም ስትል እንኳ ዓይኗ ትከሻውን ይለካል። ልብስ ሰፊ ናት። እኔ ታናሿ አጠገቧ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እጠልፋለሁ፤ ደንበኛ ሲነዘንዛት ደግሞ የምጣላላት እኔ ነኝ። እሷ መጣላት አታውቅበትም። የሁለታችንንም አመል እኔ ሳልወስደው አልቀረሁም።

ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ወዲህ ሆስፒታል እየተመላለሰች እጥበት ታደርጋለች። እጥበት በሌለባት ቀን ትሰፋለች፤ ግን ፔዳሉን ትንሽ ረገጥ ረገጥ ታደርግና ግድግዳውን ትደገፋለች። መርፌ የሚገባበት ጤነኛ የደም ሥር ክንዷ ላይ እያለቀ ነው። ኩላሊት የሚሰጣት ሰው ካልተገኘ ብዙ እንደማትቆይ ሐኪሞቹ ሳይደብቁ ነግረውናል።

ባሏ አናጢ ነው። መርፌ ሲያይ ፊቱ አመድ የሚመስለው ሰውዬ ያን ቀን ደረቱን ነፍቶ፣ «እኔ እያለሁ ከማን ትወስዳለች? የኔን ነው የምትወስደው!» አለ። እኔም ልመርመር ብል ሁለቱም ተነሱብኝ። «አንቺ ገና አላገባሽ፣ አልወለድሽ። ሰውነትሽ አይነካም» አለች እህቴ። ተናደድኩ፤ ግን ቁልፌን መትከል ቀጠልኩ።

የደማቸው ዓይነት አንድ አልነበረም። እሷ ኦ ናት፣ እሱ ኤ። ቢሆንም አልተጨነቅንም፤ እጥበት ክፍሉ ውስጥ ከጎኗ ይተኛ የነበረ የታክሲ ሹፌር ነበራ! እሱም ኦ ነው፣ ሚስቱ ኤ። የኤን ደም የሚያጠቃውን ነገር፣ ሐኪሞቹ ፀረ እንግዳ አካል የሚሉትን፣ በልዩ እጥበት ከደሙ ቀነሱለትና የሚስቱን ኩላሊት ተቀበለ። አሁን ጉንጩ ሞልቶ ታክሲውን ይነዳል። እኛም ይህንን አይተን ልባችን ሞላ። ከሚስት ለባል የሆነ ነገር ከባል ለሚስት የማይሆንበት ምን ምክንያት አለ? እንዲህ ነበር ያሰብነው።

አናጢው ሲጋራውን ጣለ፣ ቦርጩን አጎደለ። እህቴም ሐኪሞቹ የት የት እንደሚቀዱ ነርሷን ጠይቃ ከባለ መስመር ጥጥ ሁለት ፒጃማ ሰፋች። የሱ ጎኑ ላይ፣ የሷ ከሆዷ በታች በክር እየታሰረ የሚከፈት ነው፤ ቁስሉን እንዳይነካው። ተኩሳ፣ አጣጥፋ፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠቻቸው።

የሷም ልዩ እጥበት ውጤት የሚነገርበት ቀን ሦስታችንም ገባን። ዶክተሯ ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠችው።

«ደምሽን ደጋግመን አጠብነው» አለች። «ፀረ እንግዳ አካሉ ይቀንስና ወዲያው ይመለሳል። የባልሽን ኩላሊት ብናስገባልሽ ሰውነትሽ እዚያው ሊያበላሸው ይችላል። አንችልም።»

«ሹፌሩስ?» አልኩ እኔ። ድምፄ ኮሪደር ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

«የሱ መጠን ትንሽ ነበር፤ የሷ እጅግ ብዙ ነው።» ወደ እህቴ ዞረች። «ፋይልሽ አራት ወልደሻል ይላል፤ ልክ ነው?»

«አራት።»

«አራቱም የአባታቸውን ኤ ይዘዋል። በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ ከልጅ ደም ጥቂት ወደ እናት ሊያልፍ ይችላል። ሰውነት ያንን እንግዳ ብሎ ይዘጋጅበታል። ሁሉም እናት ላይ አይሆንም፤ ግን እንዲህ ከፍ ብሎ የምናገኘው ሴቶች ላይ ይበዛል። ሹፌሩ ደግሞ አላረገዘም።»

ልጣላ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። በማን ልናደድ? በዶክተሯ? በአራቱ ልጆች? የመጨረሻዋን ስትወልድ እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እልል ያልኩትም እኔ ነኝ።

አናጢው፣ «እኔን ነው? ደሟ የሚዋጋው እኔን ነው?» አለ።

«አንተን አይደለም። የደምህን ዓይነት ነው» አለች ዶክተሯ። እሱ ግን አልሰማትም።

«ልጆቼስ?» አለች እህቴ ቀስ ብላ።

«እነሱም ኤ ናቸው።»

ልብስ ስፌት ሱቃችን ስንመለስ አናጢው በርጩማው ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያያል። እህቴ የሱን ፒጃማ ከመደርደሪያው አውርዳ መቀሷን አነሳች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት።

«ልፈታው ነዋ። ጨርቁ ለልጆቹ ሸሚዝ ይወጣዋል።»

ነጠቅኳት። ከቀሚሴ በላይ ለበስኩት። እጅጌው ጣቶቼን ዋጣቸው፣ ትከሻው ወደ ክርኔ ተንሸራተተ።

«እታለም፣ አጥብቢልኝ።»

«ምኑን?»

«ይሄን ነዋ! ሰፋኝ። ጎኑ ላይ ያለችውን ክር ግን እንዳትነኪያት።»

መቀሱ ከእጇ ወደቀ። «አይሆንም። አንቺ ገና…»

«አልወለድኩም፤ አውቃለሁ! ወደፊት እወልዳለሁ። ደም ስለግስ ኦ ነሽ ብለውኛል። ነገ ከዶክተሯ በር አልነሳም። የቀረውንም ይመርምሩኝ፤ አይሆንም ካሉ ያኔ ትፈቺዋለሽ።»

አናጢው ከበርጩማው ተነስቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እህቴ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ከኋላዬ ዞረችና ትከሻዬ ላይ ዘረጋችው። አንዴ ለካች። እንደገና ለካች።

«ስንት ይላል?» አለችኝ። «እኔ ቁጥሩ አልታይ አለኝ።»