የሚስቀውን ክፍል ልመረምር ወደ አሪቻ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ዲላ መነኸሪያ

የሄድኩት ሰው ላስቀጣ ነው። አሳምሬ መጀመር እችል ነበር፤ ግን ውሸት ሲጀምሩት እንጂ ሲጨርሱት አያምርም። ዲላ ውስጥ በአንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሱፐርቫይዘር ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ጠመኔ ይዤ ቆሜ ነው ወደ ቢሮ የገባሁት። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ኃላፊያችን ጠርተው አንድ ቅጽ ሰጡኝ። አሪቻ አካባቢ የምታስተምር የሦስተኛ ክፍል አማርኛ መምህርት ክፍሏን ቡና ማጠቢያ አስመስላዋለች፤ ልጆቹ ይጮኻሉ፣ ይስቃሉ፣ አንድ አባትም አቤት ብሏል አሉኝ።

«አይተው ቅጹን ይሙሉ። የዝውውሩ ደብዳቤ የእርስዎን ፊርማ ነው የሚጠብቀው» አሉ። የምትዛወርበት ትምህርት ቤት ከመኪና መንገድ ሦስት ሰዓት በእግር ነው። መምህርቷ የስምንት ወር ሕፃን ታጠባለች። ይህን እያወቅኩ «እሺ» ብዬ ወጣሁ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጽፍም፤ የሰዎቹንም ስም ቀይሬያለሁ፤ እዚያው መኖር አለባቸው።

ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ጠበቅን። ረዳቱ «አንድ ሰው ነው የቀረን» እያለ አምስት ሰው ጫነ። ሒሳብ ሲቀበለኝ ከታሪፉ በላይ መቶ ሃያ ብር አለ። ተከራከርኩት።

«እትዬ፣ በቡና ወቅት ታሪፍ የለም» አለኝ። የሚገርመው፣ ተሳፋሪው ሁሉ ከእሱ ጋር ሆነ። ከፈልኩ።

ወናጎን ካለፍን በኋላ መንገዱ ሁሉ ኅዳር ኅዳር ይላል። በግራም በቀኝም እሸት ቡና የሞላ ጆንያ የተሸከመ ሰው ነው። እንሰቱ ከቤቱ ግድግዳ ይጀምራል፣ ከእንሰቱ መሀል ቡናው፣ ከቡናው በላይ ደግሞ ትልልቁ ዛፍ፤ ባዶ መሬት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ይርጋጨፌ ወርጄ ቆጮ በጎመን በላሁና ሞተር ያዝኩ። ነጂው ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ ወሬ የሚወድ ልጅ ነው።

«ማዘር፣ ቲቸር ታደለች ጋ ነው የምትሄጂው?»

«በምን አወቅክ?»

«ፎልደር ይዘሻላ። በዚህ ወር ፎልደር ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ የሚሄደው እሷ ጋ ነው።»

«አንተስ ስለሷ ምን ትላለህ?»

ጭቃውን በእግሩ እየደገፈ አለፈ። «እህቴ እሷ ጋ ነው የምትማረው። ቅዳሜ ለምን ትምህርት የለም ብላ ታለቅሳለች። እኔ በሷ ዕድሜ የማለቅሰው ሰኞ ሰኞ ነበር።»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ለምርመራ የሚሄድ ሰው አይስቅም ብዬ ነው።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ክፍል ውስጥ

ርዕሰ መምህሩ አቶ ማቴዎስ በር ላይ ተቀበሉኝ። ክፋት የሌለባቸው፣ ከላይ የሚመጣ ወረቀት ግን የሚያስደነግጣቸው ሰው ናቸው። «ሁሉም ተስተካክሏል፤ ዛሬ ምንም ድምፅ አይሰሙም» አሉኝ፣ በኩራት።

እውነታቸውን ነው። ሃምሳ የሚሆኑ ልጆች ሦስት ሦስት ሆነው ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም እጃቸውን አጣምረዋል። ታደለች ቀጠን ያለች ወጣት ናት። ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች፣ ታነባለች፣ እነሱ ይደግማሉ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ቅጹን ከፈትኩ። «የክፍሉ ጸጥታ» የሚለው ጋ ደርሼ «በጣም ጥሩ» ላይ ምልክት አደረግኩ። ቅጹ ሲዘጋጅ ይህ ጥያቄ ይግባ ብዬ የተሟገትኩት እኔ ነኝ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ የምቀጣው ነገር የለም፣ ሰውም አልጎዳም፣ በጊዜ ዲላ እገባለሁ ብዬ።

በዚህ መሀል ከመካከለኛው ረድፍ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ምን አጥፍተን ነው?»

«ምንም አላጠፋችሁም፣ ዶርቃ።»

«ታዲያ ለምን ቀጣሽን?»

ክፍሉ በሙሉ መልስ እየጠበቀ ታደለችን ያያል። እሷ ጠመኔውን አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች። «ምን ልበላት?» አለችኝ፣ በተማሪዎቿ ፊት፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ።

እኔ መልስ አጥቼ አላውቅም፤ ቤተሰቤን ጠይቁ። ያን ቀን ግን ዓይኔን ወደ ቅጹ መለስኩ። የኔ ቅጽ «በጣም ጥሩ» ያለውን ነገር ልጆቹ ቅጣት ነው ብለው ተቀብለውታል።

ዕረፍት ሲደወል ከክፍሉ ጀርባ ወሰደችኝ። አንድ የቡና ማድረቂያ አልጋ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ማጠቢያ ጣቢያው አርጅቷል ብሎ የጣለው ነው። እግሮቹን ለልጆች ቁመት እንዲሆን አሳጥራ አስቆርጣለች።

«ኅዳር ሲመጣ ክፍሌ ባዶ ይሆን ነበር» አለችኝ። «ልጆቹ እናቶቻቸውን ተከትለው ወደ ማጠቢያ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ሄጄ አየኋቸው። አልጋውን ከበው፣ እያወሩ፣ እየሳቁ የተበላሸውን ቡና ይለቅማሉ። ዓይናቸው አንዲት አታልፍም። እኔ ጋ ሲመጡ ግን አንዱን ፊደል ከሌላው አይለዩም። እነዚህ ልጆች መለየት አያቅታቸውም አልኩ፤ ማስተማር ያቃተኝ እኔ ነኝ።»

ከሳሙና ካርቶን ቆርጣ የፊደል ካርዶች ሠራች። የአንድን ፊደል ቤተሰብ አልጋው ላይ ታፈሰዋለች፣ በመሀሉ ባዕድ ፊደሎች ትደብቃለች። ልጆቹ ከበው ባዕዱን ይለቅማሉ። የለቀመ ልጅ ፊደሉን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ለምን እንዳወጣውም ይናገራል። ያልተስማማ ይሟገተዋል። ጩኸት የተባለው ይኸው ነው።

«ከእናንተ የጠየቅኩት ካርቶንና ማርከር ብቻ ነበር» አለች። «የመጣልኝ ማስጠንቀቂያ ነው።»

«ከሳሹ አባትስ? ዋሽቷል?»

«አልዋሸም። ልጄን የላክኋት ለቃሚ እንዳትሆን ነው አለኝ። እኔም ለቃሚ ሆነው እንዲቀሩ አልፈልግም።» አልጋውን በመዳፏ ነካች። «ግን የእናታችሁ እጅ የሚያውቀው ነገር እዚህ አይገባም ብዬ ማስተማር አልችልም። ዝም አሰኚያቸው ካላችሁኝ ዛሬ እንዳያችሁት ዝም አሰኛቸዋለሁ። ያኔ ባልዛወርም የሄድኩ ያህል ነው።»

«ነገ አልጋውን አስገቢ» አልኳት።

አቶ ማቴዎስ ይህን ሲሰሙ ላብ አጠመቃቸው። «ቅጹ ላይ ምን ሊሉ ነው?»

«ያየሁትን ነዋ። ዛሬ ያየሁት የተቀጣ ክፍል ነው።»

ረቡዕ፣ ከአልጋው ዙሪያ

ይርጋጨፌ አደርኩ። ለመኝታ ክፍሉ አምስት መቶ ብር ከፍዬ ውሃ በባልዲ ተሰጠኝ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ ከመሄዴ በፊት ማጠቢያ ጣቢያው ጎራ አልኩ፤ የዶርቃ እናት እዚያ ትሠራለች ብለውኛል። ከሌሎች ሴቶች ጋር አልጋ ከባ አገኘኋት። ቀና ብላ አየችኝ፤ እጇ ግን ሥራውን አላቋረጠም።

«አንቺ ነሽ ቲቸራችንን የምትወስጂው?»

«ማን አለሽ?»

«ሰው ሁሉ ይላል።» የተሰነጠቀ ፍሬ አውጥታ ወረወረች። «እኔ አልተማርኩም። ድሮ ልጄ ደብተር ይዛ ስትመጣ ዞር እላለሁ፤ ምን ልበላት? ያሳፍራል። አሁን ካርድ ታመጣለች፣ ምንጣፍ ላይ ታፈሳለች፣ እማዬ ልቀሚ ትላለች። እለቅማለሁ። ስሙን እሷ ትነግረኛለች።»

«በለቀማው ማን ይበልጣል ታዲያ?»

«እኔ ነኛ!» ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ የምሯን ነው።

እኔ ስንት ወላጅ ጠርቼ «ልጅዎን ቤት ውስጥ ያግዙ» ብያለሁ! እናትየው በምን ታግዝ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ይህችኛዋ መምህርት መልሱን ከተጣለ እንጨት ሠርታዋለች፤ እኛ ደግሞ ልንቀጣት ፎልደር ይዘን እንመጣለን። እዚያው ቆሜ ተናደድኩ፤ አብዛኛው ንዴት በራሴ ላይ ነበር።

ክፍሉ ስደርስ ጫጫታው ከግቢው በር ይሰማል። ሃያ የሚሆኑት አልጋውን ከበዋል፤ ሌሎቹ ደብተራቸው ላይ የተለቀመውን እየጻፉ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ታደለች ትናንት ያየኋት ሴት አይደለችም። ከአንዱ ጋር ትከራከራለች፣ አንዷን ታቅፋለች፣ ሆን ብላ ተሳስታ ታስቃቸዋለች። ዶርቃ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። «አንቺም ልቀሚ።»

መነጽሬን አላደረግኩም ነበር። የ«ጠ» ቤተሰብ ውስጥ ገብቼ ጥፋት የሌለበትን «ጣ» አውጥቼ ወረወርኩ።

«ኧረ እሱ የቤቱ ልጅ ነው!» አለች ዶርቃ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን ካርዱን አንስታ እግሩን በጣቷ እያሳየች ቀስ ብላ አስረዳችኝ፤ ደግሞ እንድሞክር አዘዘችኝ። ሞከርኩ። በሁለተኛው አገኘሁ፤ አጨበጨቡልኝ። እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ።

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የኔ ክፍል ውስጥ ተማሪ ስቆ አያውቅም። ዝንብ ስትበር ይሰማል ይሉኝ ነበር፤ እኔም እንደ ሽልማት ቆጥሬው ኖርኩ። አሁን ሳስበው ስንቱ ልጅ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ከፊቴ ተቀምጦ እንደነበር አላውቅም። አንድም ቀን የጠየቀኝ የለም፤ ይፈሩኝ ነበር።

ስወጣ አቶ ማቴዎስ ተከትለውኝ መጡ። «እኔም ደስ ይለኝ ነበር እኮ፣ ከመስኮት ሆኜ ሳያቸው» አሉኝ፣ ጥፋት እንደሚናዘዝ ሰው። እሱንም በሪፖርቱ እጽፈዋለሁ አልኳቸው። ደነገጡ፣ ቆይተው ግን «ይጻፉት» አሉ።

ሐሙስ፣ ዲላ

ረቡዕ ማታ ቤቴ ገብቼ ልጆቼ ያቆዩልኝን እራት ሳልነካ ጻፍኩ። ስድስት ገጽ ወጣው። መጀመሪያ ስለ ጥፋት ጻፍኩ፤ ጥፋቱም የእኛ ነው፤ አንድ መምህር ልጆች የሚሮጡበትን ክፍል ሲሠራ «ምን እንርዳህ» ብሎ የሚሄድ ሰው የለንም፣ «ዝም በል» የሚል ግን ሞልቷል። ቀጥዬ ካርቶንና ማርከር እንዲላክላት፣ ሌሎች መምህራንም ሄደው እንዲያዩዋት ጠየቅኩ። «የክፍሉ ጸጥታ» የሚለው ጥያቄ ከቅጹ ይውጣ፣ ያስገባሁትም እኔ ነኝ ብዬ ጨረስኩ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፤ ለመማር ሃምሳ ስምንት ዓመት መፍጀቴ ያሳፍራል።

ጠዋት ኃላፊያችን ወረቀቱን አገላበጡ።

«እትዬ ብርቄ፣ ይህ ምንድን ነው? ቅጹስ?»

«ቅጹ አይበቃም።»

«ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል። ከላይ ይጠይቁኛል። እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙ፣ ሌላውን ለእኔ ይተዉት።» ደብዳቤውን ወደ እኔ ገፉት፤ እስክሪብቶም ጨመሩበት።

«ሄደው ይዩዋት። የሞተሩን እኔ እከፍላለሁ።»

«ጊዜ የለኝም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያዘኑልኝም ይመስለኛል። «ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቶዎት ምን ያጣላዎታል? ይህ ወረቀት ያለ እርስዎ ፊርማ እንደማይወጣ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ» አልኩና እስክሪብቶውን መለስኩላቸው። «ሁለት ዓመት ሙሉ አለመፈረም አያቅተኝም።»