መፈተሻ የያዝኩ ሰሞን

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ባጃጅ መቱ ገብቶ ነበር ወይስ ገና ነበር የሚለው እንኳ ተምታቶብኛል። ክረምቱ ሊወጣ ዳር ዳር እያለ እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ ጸጉሬም ያኔ ጥቁር ነበር። ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሰሞን ባንክ ቤት በር ላይ የሰማሁት ድምፅ ነው። ዘበኛው ያችን የብረት መፈተሻ በወገቤ በኩል ሲያሳልፋት የቀበቶዬን ዘለበት አገኘችና ጢጥ አለች። ግድግዳውን ያዝኩ። ልጁ ደንግጦ «አባባ፣ ምን ሆኑ? ቀበቶ እኮ ነው!» አለኝ። ቀበቶ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም።

ከዚያ በፊት የቡና ጆንያ ተሸካሚ ነበርኩ። ወገቤ አልሠራ ሲለኝ አንድ ዘመድ ለምኖልኝ፣ እዚሁ መቱ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ፈታሽ ሆኜ ገባሁ። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም። መፈተሻዋን የሰጡኝ ቀን እንደ እባብ ነው የፈራኋት። ጨረር አላት፣ ደም ታደርቃለች ሲሉ ሰምቼ ነበር። ክንዴን ዘርግቼ ከሰውነቴ አርቄ ስይዛት፣ ሴቶቹን የምትፈትሸው ባልደረባዬ ሳቋ መጣ።

«ጠጋ አድርጋት እንጂ! ልታገባት አይደለም፣ ልትሠራባት ነው።»

በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ድሮ ወታደር ነበረች። ሥራውን ያስተማረችኝ እሷ ናት። መጀመሪያ በእጃቸው የያዙትን ዕቃ መሬት ታስቀምጣለህ። ከዚያ ከአናት ጀምረህ ትከሻ፣ ብብት፣ ወገብ፣ ኪስ፣ በመጨረሻ ዝቅ ብለህ ጫማ። እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ አስጠናችኝ። መፈተሻዋ ደግሞ የማትጮኽበት ነገር አልነበረም። የሱረት ቆርቆሮ፣ የጃንጥላ ዘንግ፣ የመጋዘን ቁልፍ፣ ሁሉም ላይ ትጮኻለች። በጮኸች ቁጥር እኔ እዘላለሁ። ማታ ስንለያይ ባልደረባዬ «አንተ፣ ዛሬ ስንት ጊዜ ሞትክ?» ትለኛለች። «አራቴ፣ እትዬ» እላታለሁ። ትስቃለች። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም።

ከሁሉ የከበደኝ ሽማግሌዎቹን መፈተሽ ነበር። አባቴን የሚያህል ሰው እጁን አስዘርግቼ ብብቱን ልዳብስ? እሷ «መፈተሻዋ ሽማግሌ አታውቅም» ትላለች። እሺ እላታለሁ፤ ዞር ስትል ግን ጎንበስ ብዬ አሳልፋቸዋለሁ።

ያን ቀን ጠዋት ዘንቦ አባርቶ ነበር። ፀሐይዋ በቆርቆሮ ጣሪያዎቹ ላይ ዓይን ትወጋለች፤ ከግቢው ቀይ ጭቃ እንፋሎት ይነሣል። አንድ ሽማግሌ መጡ። ከዳሪሙ ገጠር በእግር ነው የመጡት፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። ብብታቸው ሥር በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ፣ በልጥ የታሰረ ዕቃ ይዘዋል። ባልደረባዬ ከመጋረጃው ጀርባ ሴት እየፈተሸች ነበር።

«ነጋ ዳ፣ ኢልማ ኮ?» አሉኝ፤ ሰላም ነው ወይ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ነጋ ነው አባባ» ብዬ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣኋቸው። ከዚያ ያደረግሁትን አስቤ አላደረግሁትም። ስንት ዓመት ሸክም የተቀበለ እጅ ሸክም ሲያይ አያርፍም። ሽማግሌ ዕቃ ተሸክሞ እያየሁ መቆምም አላውቅበትም። ተቀበልኳቸውና ሳልፈትሽ ወደ ውስጥ ይዤላቸው ገባሁ። «ገለቶሚ፣ ገለቶሚ» እያሉ እያመሰገኑኝ ምርኩዛቸውን ይዘው ከኋላዬ ተከተሉኝ።

በረንዳው ሥር ባለጉዳይ ሞልቷል፤ ሕፃን ያዘለች አለች፣ ጋዜጣ አንጥፎ ደረጃው ላይ የተቀመጠ አለ። ግቢው መሐል ስደርስ በቀኝ እጄ ያለችው መፈተሻ ወደ ጥቅሉ ተጠጋችና ጮኸች። ብነቀንቃት አትተውም።

«አባባ፣ ማጭድ ነው እንዴ?»

«ማጭድማ አውቃለሁ። ይሄን አላወቅሁትም» አሉ ረጋ ብለው። «ለቡና ችግኝ ጉድጓድ ስቆፍር ነው ያገኘሁት። ልጆቹ በድንጋይ ሊቀጠቅጡት ሲሉ ነጠቅኳቸው። መንግሥት ያውቀው ይሆናል ብዬ ነው።»

ቅጠሉን በአውራ ጣቴ ገለጥ አደረግሁት። የእርጥብ አፈርና የዝገት ሽታ መጣብኝ። እንደ ጊሽጣ ፍሬ የተሸነታተረ፣ ዝገት የበላው ብረት ነው። ትምህርት ባይኖረኝም የእጅ ቦምብ መሆኑ አልጠፋኝም።

ያ ፍርሃት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ልጥለው ብል እጄ አልታዘዝ አለ። ዓይኔ ያችን ሕፃን ያዘለች ሴት ላይ ቀረ። ለሷ ይህን በእጄ ይዤላት የመጣሁት እኔ ነኝ።

ባልደረባዬ የመፈተሻዋን ጩኸት ሰምታ ከመጋረጃው ብቅ አለች። ፊቴን አየች፣ እጄን አየች። አልሮጠችም። መጥታ መፈተሻዋን ከቀኝ እጄ ወሰደችና በዝግታ «እንዳትጥለው። እንዳትነቀንቀው» አለችኝ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞራ «ስብሰባ አለ፣ ሁላችሁም ውጡልን!» አለች። አንድም ሰው አልተነሣም። አንዱማ «ስብሰባችሁን እዚያው ተሰብሰቡ፣ እኛ ከንጋት ጀምሮ ወረፋ ላይ ነን!» አላት። ትንሽ አሰበችና በኦሮምኛ፣ ደግማም በአማርኛ «ከበሩ ማዶ ዘይት ይታደላል!» ብላ ጮኸች።

ግቢው ባንድ አፍታ ባዶ ሆነ። ጸሐፊዎቹም ወጡ። ሽማግሌውን እሷው ገፋ አድርጋ አስወጣቻቸው፤ «ዕቃዬ ልጁ እጅ ቀርቷል» ይሉ ነበር።

እሷም ወጥታ ትቀራለች ብዬ ነበር። ተመልሳ መጣች። ከቢሮው ጀርባ ለሽንት ቤት የተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ ነበር፤ ወደዚያ እንሂድ አለችኝ። ዛሬ እንዲህ ዓይነት ነገር አይነካም፣ ፖሊስ ይጠራል ይባላል፤ ልክ ነው። እኛ ግን አንዴ ነክተነዋል።

«እትዬ፣ አንቺ ሂጂ። ልጆች አሉሽ» አልኳት።

ክርኔን ያዘች። «ዝም ብለህ ተራመድ። ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?»

«ዕቃውን... መሬት አስቀምጣለሁ።»

«ቀጥሎ?»

«አናት። ትከሻ። ብብት።»

«እግርህን ቀስ። ቀጥሎ?»

እንዲህ እያስጠናችኝ ሄድን። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ ጠብ ሲል እሰማለሁ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ አልጠርገውም። ጫማ ላይ ስደርስ ጉድጓዱ ጋ ደረስን። በሆዴ ተኛሁ፤ እሷ እግሬን ያዘች። ውስጡ ካለው እርከን ላይ ቅጠሉን ቀስ አድርጌ አሳረፍኩትና ለቀቅሁት። ከዚያ ሮጥን። ስንሮጥ ጫማዬ እንደወለቀ ያወቅሁት መንገድ ላይ ነው።

ፖሊሶች መጥተው ወሰዱት። ማንም አልተጎዳም። አልቅሼ ሳበቃ የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ሁለታችንን አስጠራና «ይህን ሰውዬ ማን ነው ሳይፈትሽ ያስገባው?» አለ።

አፌን ከፈትሁ። እሷ ቀደመችኝ፤ «እኔ ነኝ፣ አስገባቸው ያልኩት» አለች። ኮሪደር ላይ ስንወጣ ጆሮዬ ላይ «አዲስ ነህ፣ ያባርሩሃል። እኔን ቢበዛ ያዛውሩኛል» አለችኝ። ተመልሼ ገብቼ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ቦምቡን በእጄ ይዤ ሠላሳ እርምጃ የሄድሁ ሰው፣ ያችን አንዲት በር መልሼ ለመክፈት ፈራሁ። በማግስቱ ወረቀት አመጡልኝ። ጥፋቱ የሷ ነው የሚል ነበር፤ ምስክር ሆኜ ፈረምኩ።

ኡካ ወደምትባል ሌላ ከተማ ተዛወረች። ሚኒባሱ ላይ ስትወጣ ሻንጣዋን ተቀበልኳት፤ ሌላ የምሰጣት አልነበረኝም። በየዓመቱ ሄጄ እጠይቃታለሁ እያልኩ፣ ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ እያልኩ፣ ዓመቱ ሄደ። መሞቷን የነገረኝ ከኡካ ማር ሊሸጥ የመጣ ሰው ነው።

ያ ወረቀት ዛሬም አንድ መዝገብ ቤት ውስጥ ይኖር ይሆናል። እዚያ ላይ የጥፋተኛ ስም ሆኖ የቀረውን፣ በዚያው በፈረምኩበት እጄ እኔ ራሴ ልጻፈው። አያንቱ ትባል ነበር። እትዬ አያንቱ።