መድኃኒቱን በምን ዋጡት?

ሮቤ ውስጥ ከፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ መሥራት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። በነጭ ጋውን የሚያየኝ ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለኛል። መጀመሪያ አርም ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። ዶክተር መሆን የሚያስችል ነጥብ እያለኝ ይህን ለምን እንደመረጥኩ የሚጠይቁኝ አሉ። የመረጥኩት አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ አባቴ የታመመ ጊዜ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ብስኩት ቆርቆሮዬ መናገር አለብኝ። በቤታችንና በትምህርት ቤቱ መካከል አንዲት ፋርማሲ ነበረች። ባለቤቷ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ አያታቸው ከሰሜን መጥተው ጎባ የሰፈሩ፣ እዚያው ተወልደው ያደጉ ሴት ናቸው። መድኃኒቱ በካርቶን ሲመጣ ውስጡ አንድ ወይም ሁለት መግለጫ ወረቀት ይኖራል። ሰው የሚገዛው አሥር ወይም ሃያ ፍሬ ስለሆነ ወረቀቱ ይተርፍና ከበሩ አጠገብ ካለው ቅርጫት ይጣላል። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አንዱን አንስቼ ልውሰደው ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ምን ያደርግልሃል?»

«ላነበው ነው።»

«ውሰድ» አሉኝ። «ግን ጎረቤት እንዳታክም።»

እንግሊዝኛን የተማርኩት ከእነዚያ ወረቀቶች ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሱ ናቸው፤ ፊደላቸው ከጤፍ ያንሳል። ያላወቅኩትን ቃል ከመዝገበ ቃላት እየፈለግኩ በደብተር እጽፍ ነበር። እያንዳንዱን ወረቀት በራሱ እጥፋት መልሼ አጥፌ፣ ቁጥር ሰጥቼ ቆርቆሮው ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። አሥራ አንደኛ ክፍል ስደርስ አርባ ሦስት ሆነዋል። ስለ ጉዳዩ ለማንም አላወራሁም፤ ብዙ የማወራም ልጅ አልነበርኩም።

አባቴ ከገሰራ ገብስና ስንዴ እየገዛ ሮቤ ገበያ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። በዚያ ዓመት አንድ ሳምንት ሙሉ ራሱን እያመመው፣ ማታ ማታ እየተንቀጠቀጠ ገበያ ሲመላለስ ከረመና በመጨረሻ አልጋ ያዘ። ጎባ ወስደነው ታይፎይድ ነው ተባለ። ሐኪሙ ሲፕሮ አዘዘለት፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ለአሥር ቀን። መድኃኒቱን የገዛሁት ከእኚያ ሴት ነው። ፖስታው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ጠዋት 12፣ ማታ 12» ብለው ጻፉልኝ።

እናቴ ኃላፊነቱን ለእኔ ሰጠችኝ። «በዚህ ቤት ሰዓት የሚያይ አንተ ብቻ ነህ» አለች። እውነት ነበር። በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሠንጠረዥ አሰመርኩ፦ ቀን፣ የታዘዘው ሰዓት፣ የተዋጠበት ሰዓት፣ ምልክት።

እኛ ዘንድ የታመመ ሰው በባዶ እጅ አይጠየቅም፤ ወተት ተይዞ ነው የሚኬደው። ክኒን ደግሞ ሆድ ያቃጥላል ተብሎ ስለሚታመን፣ ለበሽተኛ ክኒን በውሃ መስጠት እንደ ንፍገት ይቆጠራል። አባቴም የመጀመሪያዎቹን ክኒኖች ጎረቤት ባመጣው ወተት ዋጠ። አዳዳ የምላት የአባቴ ታላቅ እህት ዲንሾ ነው የምትኖረው። በሁለተኛው ቀን በሚኒባስ መጣችና እኛው ቤት ሰነበተች። ወተቱን ልጇ በየማለዳው ከዲንሾ በሚመጣው መኪና ይልክላታል፤ እሷ ደግሞ በወይራ ወደ ታጠነው የወተት ዕቃዋ፣ ወደ ጮጮዋ፣ ትገለብጠዋለች። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ክኒኑን እኔ አቀርባለሁ፤ ብርጭቆውን እሷ ትይዛለች። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ላይ ይጨልጠዋል። እኔ ምልክቴን አደርጋለሁ።

በስድስተኛው ቀን ትኩሳቱ ከመጀመሪያው ቀን አልተለየም። ጉንጮቹ ጎድጉደዋል፤ ወደ ሽንት ቤት ሲሄድ ግድግዳ መያዝ ጀምሯል።

«መድኃኒቱ የውሸት ነው» አለ አባቴ። «ባይሆንማ እስካሁን ይሻለኝ ነበር።»

አልጋው ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ጎረቤታችን በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። የዝያራ ወቅት ስለነበር የሼክ ሁሴንን ቅዱስ ስፍራ ለመሳለም የሚሄዱ የሰፈራችን ሰዎች አንድ አይሱዙ ተኮናትረዋል፤ መኪናው ከነገ ወዲያ ይነሳል። አባቴ ክኒኑን ትቶ ከእነሱ ጋር ለመሄድ ተስሏል። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ቆላ ነው፤ የሚሄዱት ደግሞ በጭነት መኪና ላይ ነው። እናቴ ጓዳ ገብታ አቦጀዲ ጨርቅ በጥርሷ ስትቀድ ሰማኋት፤ ለመንገድ ስንቅ ከረጢት ልትሰፋለት ነው። አባቴ በዚያ ሁኔታ ቢሄድ እንደማይመለስ እርግጠኛ ነበርኩ። እስከዛሬም ነኝ።

ደብተሩንና የቀሩትን ፍሬዎች ይዤ ፋርማሲ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ረጅም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ገበያ ቀን ስለሆነ ባንኮኒው ፊት አራት ሰዎች ቆመዋል። ተራዬ ሲደርስ ከዚያ ሁሉ ንግግር የወጣልኝ አንድ ቃል ነው።

«አልሠራም።»

ከኋላዬ የቆመ ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ «የቻይና ነው በላቸው፣ አትፈር» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። ባለ ፋርማሲዋ አልተቆጡም። ደብተሩን ገልጠው መስመሮቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ተከተሉ።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«አዎ።»

«አንዱንም አላዛነፍክም?»

«በሦስተኛው ቀን ማታ አሥር ደቂቃ አሳልፌያለሁ። ተጽፏል።»

«አይቼዋለሁ።» ደብተሩን ዘጉ። «አባትህ በምንድነው የሚውጡት?»

«በወተት። አክስቴ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ትሰጠዋለች።»

መነጽራቸውን አወለቁ። መሳቢያ ከፍተው አንድ መግለጫ ወረቀት አወጡ፤ ዘርግተው፣ ገልብጠው፣ ከጀርባው አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «አንብበው» አሉኝ። አነበብኩት። መድኃኒቱ ከወተትና ከወተት ተዋጽኦ ጋር መወሰድ እንደሌለበት ይላል። ወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም መድኃኒቱን እንደሚይዘው፣ ተያይዘው እንደሚወጡና ደም ውስጥ የሚገባው ጥቂት ብቻ እንደሆነ እሳቸው አስረዱኝ።

ወረቀቱን አውቀው ነበር። ቆርቆሮዬ ውስጥ ያለ፣ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ነው። የፊቱን ገጽ ቃል በቃል አጥንቼዋለሁ፤ ጀርባውን ለሌላ ቀን ብዬ አልገለበጥኩትም። ስድስት ቀን ሙሉ ሰዓት እየጠበቅኩ፣ ምልክት እያደረግኩ፣ መድኃኒቱን በገዛ እጄ ከንቱ ሳስቀር ነበር። 

እሳቸው ግን ወደ እኔ አላዩም። ወደ ቆሙት ሰዎች ዞረው በተለመደ ድምፃቸው ተናገሩ። «መድኃኒቱ ደህና ነው። ልጁም የታዘዘውን ነው ያደረገው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ባሌ ተወልጄ አድጌ፣ ሰው ክኒን በወተት እንደሚውጥ እያወቅኩ፣ በምን ትሰጣለህ ብዬ አልጠየቅኩትም።»

 ባለ ባርኔጣው ሽማግሌ የራሱን ፖስታ ከኪሱ አውጥቶ አየት አደረገና «የእኔስ በወተት ይሆናል?» አለ።

«የእርስዎ ይሆናል፤ ይጠጡ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ።

እኔ ወተቱን ላስቀርበት እንደሆነ ጠየቅኩ።

«ወተቱን ከከለከልክ አክስትህ መድኃኒቱን ትከለክልሃለች» አሉ። «ወተቱን አትንካ፤ ሰዓቱን ብቻ አዛውር። ክኒኑን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በውሃ። ወተቱን አራት ሰዓት ላይ፣ የፈለጉትን ያህል።» ጎባ ላለው ሐኪም ስልክ ደወሉ። አሥሩ ቀን ከዛሬ ጀምሮ እንዲቆጠር፣ በሦስት ቀን ትኩሳቱ ካልወረደ ግን ሳንውል ሳናድር ወደ ሆስፒታል እንድናመጣው አዘዘ። የጎደለውን ፍሬ ጨመሩልኝ። የራሳቸውን ቴርሞሜትርም በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ይሄ ውሰት ነው፤ ሠንጠረዥህ ላይ አንድ ዓምድ ጨምር።»

ቤት ስደርስ የሚከብደው ገና ነበር።

«በውሃ?» አለች አክስቴ። «ወንድሜን እንደ እስረኛ ክኒን በውሃ ልታስውጠው?»

«አዳዳ፣ ወተቱ አልቀረም። አራት ሰዓት ላይ ይጠጣል።»

«ወተት ቀጠሮ አለው እንዴ? ላሚቱ ሰዓት ታያለች?»

አባቴ ዓይኑን ሳይገልጥ «የተሳልኩትን ላፈርስ ነው?» አለ።

«አይፈርስም» አልኩ። «ይዘገያል።»

  አባቴ ባለ ፋርማሲዋ ምን እንዳሉኝ ጠየቀኝ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ።»

ዓይኑን ገለጠ። «ለአንተ ብቻ?»

«ሰው ፊት። አራት ገዢዎች ቆመው ነበር።»

አባቴ ገበያ ውስጥ የሸመገለ ሰው ነው። እህሉ ነቅዞ ሲገኝ ገበሬው ጎተራውን፣ ባለ ጎተራው ዝናቡን ሲከስ ሲሰማ ኖሯል። 

«ሻጭ ሆና፣ ገዢ ፊት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለች» አለ ለራሱ። «እንዲህ ያለች ሴት የውሸት ዕቃ አትሸጥም። ሦስት ቀን። ውሃውን አምጣ።»

አይሱዙው ያለ እሱ ተነሳ። ሠንጠረዡ አሁንም አለኝ። የመጀመሪያው ቀን ማታ ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት። ሁለተኛው ቀን ሠላሳ ስምንት ነጥብ ስድስት። በሦስተኛው ቀን ማለዳ አንሶላው በላብ ርሶ አገኘሁት፤ ሠላሳ ሰባት ነጥብ አራት። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየሁና ለማረጋገጥ ደግሜ ለካሁት። አባቴ ቆሎ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። አክስቴ ጮጮዋን ታቅፋ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ «አራት ሰዓት ሆነ?» አለችኝ። ገና ሦስት ሰዓት ተኩል ነው አልኳት። ግማሽ ሰዓቱን ሙሉ ከሰዓቴ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።

አሥሩን ቀን ጨረሰ። የዝያራው ወቅት ሳያልፍ በሌላ መኪና ሄዶ ስለቱን አደረሰ። ሲመለስ ተሳላሚዎች ለበረከት የሚያመጡትን ነጭ አፈር በትንሽ ወረቀት ጠቅልሎ ለሴትዮዋ ወሰደላቸው። አንገታቸው ላይ ማተብ አለ። በሁለት እጃቸው ተቀበሉት፤ ከመደርደሪያው ላይ፣ ከቀን መቁጠሪያው አጠገብ አስቀመጡት። እዚያው ሰነበተ። ቴርሞሜትሩን የመለስኩት እኔ ነኝ፤ በዚያው ጨርቅ።

ያን ሰሞን የክፍል ኃላፊ መምህራችን ወደፊት ምን መሆን እንደምንፈልግ በቁራጭ ወረቀት አስጻፈን። ፋርማሲ ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን አጥፌ ሰጠሁ፤ ሌላ መልስ አላሰብኩምና። እውነቱን ለመናገር የወሰንኩት ትኩሳቱ የወረደ ቀን አይደለም። እኚያ ሴት ደብተሬን ዘግተው «በምንድነው የሚውጡት?» ያሉ ጊዜ ነው። ሐኪሙ በሽታውን አግኝቷል፤ መድኃኒቱም ትክክለኛው ነበር፤ እኔም ሰዓቱን ጠብቄያለሁ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ አባቴን ልናጣው የነበረው አንዲት ጥያቄ ጎድላ ነው። ያችን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው መሆን ፈለግኩ።

አባቴ ግን ልጁ ሐኪም እንዲሆን ነበር ምኞቱ። «ክኒን ቆጣሪ ልትሆን ነው?» እያለ ሁለት ዓመት አሾፈብኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመጀመሪያውን ዓመት ስጨርስ የትምህርት ክፍል ምርጫ ፎርም መጣ። ነጥቤ ለሕክምናም ይበቃ ነበር። ከመሙላቴ በፊት ደወልኩለት። ከጀርባው የገበያ ጫጫታ ይሰማል።

«ጎባ ያከመኝ ሐኪም ጎበዝ ነበር» አለ።

«ጎበዝ ነበር። በትክክል ነው ያዘዘልህ። መድኃኒቱ ቤት ሲደርስ ግን የአዳዳ ወተት ጠበቀው።»

ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያዳነኝ አላህ ነው። ሰበቡ ግን ባለ ፋርማሲዋ ናት። አንተም ሰበብ መሆን ከፈለግክ ጻፈው፤ እኔ አላኮርፍም።»

አንደኛ ምርጫዬ ላይ ጻፍኩት።

እኚያ ሴት አሁን ፋርማሲውን ዘግተው ጎባ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ስሄድ የማላውቀውን መድኃኒት ስም አንስተው ይፈትኑኛል፤ ስሳሳት «ጀርባውን አላነበብክም» ይሉኛል። ቆርቆሮው ባንኮኒዬ ሥር ነው። መድኃኒት በሰጠሁ ቁጥር ፖስታውን ከማስረከቤ በፊት በምን እንደሚዋጥ እጠይቃለሁ፤ የሚቸኩሉ ሰዎች ይሰለቻሉ።

አንዳንዶቹ ግን ገና ከበሩ ሳይገቡ መልሱን ይዘው ይመጣሉ። ባለፈው ገበያ ቀን ከገሰራ የመጡ አንድ ገበሬ ማዘዣቸውን እንኳ ሳያወጡ «በወተት ነው የምውጠው፤ አልዋሽህም» አሉኝ። ማን እንደነገራቸው ጠየቅኳቸው።

«እህል የሚገዛኝ ሰውዬ» አሉ። «እዚያ ሂድ፤ ልጁ በምን እንደምትውጥ ይጠይቅሃል፤ ብትዋሸው በትኩሳትህ ያውቅብሃል አለኝ።»

ማዘዣቸውን ተቀብዬ አየሁት። ሲፕሮ ነበር። ላማቸው ስንት ሰዓት ላይ እንደምትታለብ ጠየቅኳቸውና ሰዓቱን አብረን ማስላት ጀመርን።